ዘርጋ በኪዮቶ ደረጃዎች ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች

አሜሪካ፣ እኛ ባለንበት ሊንውድ ከተማ ውስጥ ሽምግልና የማይሳካው በመኪና ምክንያት ነው። ይህን በጥናት አልደረስኩበትም፤ በዓይኔ አይቼ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሻይ ቀርቦ፣ ነገሩ መስመር ሊይዝ ሲል አንደኛው ቱግ ይልና የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ የሚሸመግሉት ባዶ ወንበር ነው። አገር ቤት ቢሆን ቱግ ያለ ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው፤ ሮጠው ይደርሱበታል፣ ክንዱን ይዘው "ተው እንጂ" ብለው ይመልሱታል። ሃይዌይ የገባን ሰው ግን ማን ሮጦ ይደርስበታል?

ስለዚህ ሰይድንና ዘርጋን ለማስታረቅ ስነሳ መጀመሪያ የፈለግኩት ሽማግሌ ሳይሆን ቁልፍ የማይነሳበት አገር ነበር።

ከድር እባላለሁ። ሊንውድ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከበርበሬ እስከ ድስት፣ ከሽሮ እስከ መስገጃ ምንጣፍ ይገኝባታል። ትምህርቴን የተከታተልኩት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው። እዚያ ዲፕሎማ አይሰጥም፤ ተሸውዶ ተሸውዶ የነቃ ግን እንደተመረቀ ይቆጠራል። ሁለት ነገር ተምሬ ወጥቻለሁ። አንደኛው፣ አልገዛም ያለ ሰው እንኳ ቆሞ ካየ ግማሽ መንገድ መጥቷል። ሁለተኛው፣ ዕቃ ሳያገላብጡ አይገዛም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያውን ተጠቅሜበታለሁ። ሁለተኛውን እንዴት እንደረሳሁት እነግራችኋለሁ።

ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። ጎረቤታችን በሆነችው ኤቨረት ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ይሠራል፤ አቅም ያነሳቸውን ያነሳል፣ ያጥባል፣ ያለብሳል። ዘርጋ እንደኔው ጉራጌ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነድቷል። አሜሪካ ስንገባ ሦስታችን አንድ አፓርትመንት ተጋርተን፣ አንድ ካፖርት እየተዋዋስን የኖርን ሰዎች ነን። የሰይድ ልጅ ሰሚራ መንዳት የተማረችው በዘርጋ ታክሲ ነው፤ መከላከያውን ያጣመመችው እሷ፣ "እኔ ነኝ" ያለው ዘርጋ።

የሰይድ እናት ደሴ ላይ ሲያርፉ እዚህ ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው ከኤቨረት መጣ፣ ከሬድመንድ መጣ፣ ሰይድን በስም እንኳ የማያውቀው ውሃ በካርቶን ተሸክሞ መጣ። ዘርጋ አልመጣም። አልደወለም። ሚስቱ ጽጌ ብቻዋን መጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ "ዴንቨር ወንድሙ ጋ ሄዷል" አለች። ሰይድ ያኔ ወንበር ስቦላት ወደ ሌላው እንግዳ ዞረ። እንግዳው ተሸኝቶ ወንበር ስናጥፍ ግን፣ "ማን ቀረ?" አለኝ።

መልሱን ያውቃል። "ዘርጋ" አልኩት።

"በቃ" አለ።

ያቺ "በቃ" ዓመት አለፋት። እኛ ዘንድ ሰርግ የቀረ ሰው ይታማል፣ ክርስትና የቀረ ይወቀሳል፤ ለቅሶ የቀረ ግን ከሟቹ ጋር አብሮ ይቀበራል። ዘርጋ ብዙ ጊዜ ደወለ፤ ሰይድ አላነሳም። አንድ ቀን ዘርጋ እያየው ሰይድ የሚጠራውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ዘርጋም ተወው።

ነገሩን ያስነሳችው ሰሚራ ናት። አንድ ከሰዓት ሱቄ በር ላይ ፓርክ አድርጋ ገባች።

"አንክል ከድር፣ ሰርጌ ስፕሪንግ ላይ ነው። አንክል ዘርጋ ካልመጣ አይ ዶንት ዋንት ኢት።"

"አባትሽ ምን አለ?"

"ስሙን አታንሺብኝ ይላል። ሶ፣ ፊክስ ኢት። ፕሊስ።"

"እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ?"

"ዩ ሴል ኤቭሪቲንግ" አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። እንባ የሞላው ደንበኛ ፊት ዋጋ አይነሳም። እሺ አልኩ።

ጃፓንን ያመጣው የኔ ጉጉት ነው። ኪዮቶ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች፣ ከአያት ቅድመ አያት የተወረሱ ሱቆች ያሉባት ሲባል ሰምቼ፣ ምን ሸጠው ነው እስካሁን የቆዩት የሚለው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። በጥር ብርድ ደግሞ ቱሪስት ስለሚቀንስ ትኬቱ ይረክሳል። ሽምግልናና ርካሽ ትኬት አንድ ላይ ሲመጡ እምቢ ማለት ጡር አለው። ለሰይድ "እኔና አንተ ብቻ ነን" አልኩት። ለዘርጋም እንዲሁ።

ኤርፖርት በሩ ጋ ሲተያዩ ሰይድ ቆመ።

"ይሄ ማነው?"

"ዘርጋ ነው፤ ረሳኸው?"

"ከድር፣ ሸጥከኝ!"

"በነጻ ነው የሰጠሁህ።"

ዘርጋ ፊቱ አመድ መስሎ፣ "እኔ ልመለስ" አለ።

"ትኬቱ አይመለስም" አልኩ። "የሚመለስ ካለ ሰሚራ ጋ ኮል ያድርግና ሰርጉ ቀርቷል ብሎ ይንገራት።"

ሁለቱም ተቀመጡ። እኔ መሀል። የዘርጋን ሻንጣ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጽጌ ስትሸኘን፣ "አደራህን፣ ወገቡን ያመዋል፣ ዕቃ እንዳታሸክመው" ብላኛለች። ሽማግሌ ብቻ ሳልሆን ኩሊም ሆኜ ነው የሄድኩት።

ቶኪዮ ወርደን በፈጣኑ ባቡር ወደ ኪዮቶ ስንሄድ በኔ በኩል ይነጋገሩ ጀመር። "ያ ሰው መጋረጃውን ይሳበው በለው።" "ፀሐይ እንድትገባ ብዬ ነው በለው።" አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ፣ ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

ኪዮቶ እንደጠበቅኳት አልነበረችም፤ በለጠችብኝ። ጠባብ መንገዶች፣ የጠቆረ የእንጨት ቤት፣ ጣሪያው ላይ ስስ በረዶ። መጥረጊያ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አገኘሁ። መጥረጊያ ብቻ! ሴትዮዋን በስልኬ አስተርጉሜ፣ "ሌላ ዕቃ ለምን አትጨምሩም?" አልኳት። ራሷን ዘንበል አድርጋ አሰበችና ስልኩ መልሷን ሲያነብልኝ፣ "መጥረጊያን ገና እየተማርን ነው" ሆነ። የቤተሰቧ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነች ነግራኝ ነበር፤ እኔ በሱቄ ውስጥ ስንት ዓይነት ዕቃ እንዳለ ለመናገር አፈርኩ። ስንወጣ በሩ ላይ ቆማ እጅ ነሳችን። መንገዱን ጨርሰን ዞር ስንል እሷ አሁንም አጎንብሳለች። መርካቶ ውስጥ ደንበኛ ከሄደ በኋላ የሚደረገው ሌላ ነው፤ አልነግራችሁም።

ሌላ ያስገረመኝ ነገር ዘርጋ ነው። ኮረብታ ላይ ወዳለ ቤተ መቅደስ የሚያስወጣ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ነበር። ዘርጋ ትንሽ ይወጣና ይቆማል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል። ትንሽ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ያነሳል። ይሄ ሰው የልጆቹን ልደት እንኳ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ሰይድ ከላይ ቆሞ ቁልቁል ያየው ነበር።

"ያ ሰው ፎቶ የጀመረው መቼ ነው?" አለኝ በዝግታ።

"አገር ሲያምረው ነዋ።"

"እህ" አለ። ያቺን "እህ" ያኔ አላገላበጥኳትም።

ያረፍንበት ቤት የአንዲት አሮጊት እናት እንግዳ ማረፊያ ነው። አንድ ክፍል፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ሦስት ፍራሽ፣ ከታች ማሞቂያ የተገጠመለት፣ ብርድ ልብስ የለበሰ አጭር ጠረጴዛ። መታጠቢያው ታች ነው፤ በሩ እንደ ቁምሳጥን የሚንሸራተት፣ ውስጡ ጠለቅ ያለ የእንጨት ገንዳ፣ በፈላ ውሃ እስከ አፉ የሞላ። በመጀመሪያው ቀን ዘርጋ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ቀድሞ ገባ። ሲወጣ፣ ለኛ ክብር ብሎ፣ የገንዳውን ውታፍ ነቅሎ ውሃውን በሙሉ ለቀቀው።

አሮጊቷ ባዶውን ገንዳ ሲያዩ ያወጡት ድምፅ ለቅሶ ቤት የሚሰማ ዓይነት ነው። ስልኩ እንደነገረን፣ ሰው የሚታጠበው ከገንዳው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ገንዳው ለመሞቂያ ነው፤ ውሃው ለቤቱ እንግዳ ሁሉ ነው፤ እሱን ለማሞቅ ከቀትር ጀምሮ ሲደክሙ ውለዋል።

"እኔ የገባሁበት ውስጥ ሌላ ሰው ይግባ?" አለ ዘርጋ ደንግጦ። "ነውር አይደለም እንዴ?"

"እዚህ አገር ነውሩ መድፋቱ ነው በለው" አለ ሰይድ ለኔ።

በማግስቱ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አሮጊቷ ስልካቸውን ዘረጉልን። ነገሩ እንዳይደገም ሦስታችሁም አብራችሁ ግቡ፣ ጓደኛሞች አይደላችሁም እንዴ ነው የሚሉት።

"በጭራሽ!" አለ ዘርጋ፤ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ በእጁ ጨብጦ።

"እኔም ከሰው ጋር ራቁቴን ገንዳ አልገባም" አለ ሰይድ። ከዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ነው። እኔ ይህንን እንደ ድል ቆጠርኩት። ሶ፣ አንድ በአንድ እንድንገባና ዘርጋ መጨረሻ እንዲሆን ወሰንን፤ ቢደፋውም ማንንም አይጎዳም።

እኔ ገባሁ፣ ወጣሁ። ሰይድ ገባ፣ ወጣ። ዘርጋ ፎጣውን በደረቱ አቅፎ ወረደ። ሰይድ መግሪብን ሰገደና መጥቶ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ። እኔ ስለ መጥረጊያዋ ሴትዮ አወራለሁ። እሱ አይሰማኝም።

"ያ ሰው ቆየ።"

"ይሙቀው፣ ተወው።"

"ከድር፣ ቆየ አልኩህ።"

ተነሳ። ደረጃውን ሲወርድ ተከተልኩት። በሩ ጋ ደርሶ አንኳኳ። መልስ የለም። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ያልሰማሁትን ስም ከአፉ ሰማሁ።

"ዘርጋ!"

በሩን በመዳፉ ደበደበ።

"ዘርጌ! አንተ ዘርጌ!"

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰይድ በትከሻው ገፋው፤ እኔም ከኋላ ደገፍኩት። በሩ ከሐዲዱ ወልቆ ሦስታችንም፣ እኔ፣ እሱና በሩ፣ ውስጥ ወደቅን።

እንፋሎቱ ሲገለጥ ዘርጋ ግማሽ አካሉ ከገንዳው ውጭ ተንጠልጥሎ አየሁት፤ ሊወጣ ሲል ነው የወደቀው። እኔ ጮህኩ። ሰይድ አልጮኸም። ሥራ ላይ እንዳለ ሰው በብብቱ ሥር ገብቶ አቀፈው፣ አወጣው፣ ወለሉ ላይ አስተኛው፣ እግሩን በርጩማው ላይ ሰቀለ፣ ከወገቡ በታች በፎጣ ሸፈነው። የአንገቱን ሥር በጣቱ ይዞ አዳመጠ። "አለ" አለ። ከዚያ ዓይኑ ደረቱ ላይ ቆመ።

ከአንገቱ ሥር እስከ ሆዱ አፋፍ ቀጥ ብሎ የወረደ ጠባሳ ነበር፤ ልክ እንደ ጃኬት ዚፕ።

"ተወግቶ ነው?" አልኩ።

"ዝም በል" አለኝና መዳፉን ጠባሳው ላይ አሳረፈ። እንዲህ ያለውን ስንት ሰው ላይ አጥቧል! ምን እንደሆነ ከኔ በፊት ገብቶታል።

ዘርጋ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ደረቱን በእጁ መሸፈን ነው።

"መቼ ነው የተከፈትከው?" አለ ሰይድ።

"ሰይዶ፣ ሸሚዜን ስጠኝ።"

"መቼ ነው አልኩህ!"

"እናትህ ያረፉ ሰሞን።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ጽጌ መርዶውን ስትነግረኝ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። በማግስቱ ልቤን ከፈቱት።"

"ዴንቨር ወንድምህ ጋ ነህ አይደል የተባልነው?"

"ሰይዶ፣ ሃያ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ፣ ዴንቨር ወንድም እንደሌለኝ ጠፍቶህ ነው?"

ውሃው ከገንዳው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኝ ነበር። የዘርጋን ወንድሞች በስም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም አገር ቤት ናቸው። አንድ ኪሎ በርበሬ ሳልቀምስ፣ ሳልሸት፣ ከከረጢቱ ሥር ሳልዝቅ የማልገዛ ሰው፣ ያንን ወሬ እንደመጣ ገዛሁት። ሰይድም ገዛው። መቀየም ቸኩለን ስለነበር ማናችንም አላገላበጥነውም።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለ ሰይድ፤ ድምፁ ከፍ ማለት ጀምሯል።

"ለቅሶ ቤት ደውዬ፣ እኔም ልሞት ነው ልበልህ?"

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላማ አንተ መች አነሳህ? ደግሞ እናቴ አለች። እዚህ አንድ ሰው ከሰማ በነጋታው አገር ቤት ይደርሳል። አንተ እናትህን ቀበርክ፤ እኔ የኔን በወሬ ልግደላት?"

ሰይድ ያኔ ጮኸ። ቤቱ የእንጨት ነው፤ ተንቀጠቀጠ። "የኔ ሥራ ምንድን ነው? ንገረኝ! አባቱን የማላውቀውን ፈረንጅ እያነሳሁ ሳጥብ የምውል ሰው፣ አንተ ደረትህ ተቀዶ ስትተኛ ማን አነሳህ?"

"ጽጌ።"

"ጽጌ ብቻዋን! ያቺ የምታክል ሴት! እሷ አንተን ስታገላብጥ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ስረግምህ ነበር፤ ታውቃለህ? አሁን ማን ነው የቀረው? አንተ ነህ ለእናቴ የቀረኸው ወይስ እኔ ነኝ ላንተ?"

"አትጩህብኝ፣ ታምሜ የለ!"

"ዛሬ ነው የታመምከው? ያኔ ስትታመም ነበር የምጮኸው!"

እውነት ለመናገር እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ከዓመት በላይ ተኳርፈው፣ ሰሞኑን ደግሞ በኔ በኩል "በለው፣ በለው" ሲባባሉ የከረሙ ሰዎች፣ ፊት ለፊት፣ ያለ አስተርጓሚ ይጮኻሉ። አሮጊቷ ግን የሚጋደሉ መስሏቸው አምቡላንስ ጠርተው ነበር። የመጡት ልጆች በሩ ወድቆ፣ አንዱ በፎጣ ተኝቶ፣ ሌላው እያለቀሰ ሲጮህ፣ እኔ ስስቅ ሲያገኙን በሽተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ተቸገሩ። መርምረውት፣ የሚወስደው መድኃኒትና የገንዳው ሙቀት ተደራርበው የደም ግፊቱን እንዳወረዱት፣ ገንዳ ዳግም እንዳይገባ ነገሩን። ሰይድ እያንዳንዷን ቃል አስደገማቸው። ከዚያ ከሻንጣው በሶ አውጥቶ በማር በጥብጦ፣ እያንዳንዱን ጉንጭ ቆሞ አስጠጣው።

ጠዋት ሰይድ፣ "ስልክህን አምጣ" አለው። ፎቶዎቹን እየሳበ አየ። ድንጋይ። ድንጋይ። የራሱ የዘርጋ ጫማ ጫፍ። ግማሽ ፋኖስ። ደረጃ፣ ደረጃ፣ ደረጃ። አንድም ቤተ መቅደስ የለበትም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ትንፋሽ" አለ ዘርጋ።

ሰይድ ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አንድ በአንድ አያቸው። የዚያን ዕለት ከሰዓት አሮጊቷ በሩን አስጠግነው ውሃ ሲያሞቁ፣ ሰይድ ፎጣ አስታጥቆት፣ በርጩማ ላይ አስቀምጦት፣ ከገንዳው በመቅጃ እየጨለፈ ጀርባውን አጠበው። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እጠብቅ ነበር። "ቀስ በል፣ ድስት አደረግከኝ እኮ!" ይላል አንዱ። "ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ነው፣ ቻለው" ይላል ሌላው።

በሰሚራ ሰርግ ዘርጋ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ አዳራሹ የሚያስገባውን ደረጃ እሷ ክንዱን ይዛ ነው ያስወጣችው፤ በየመሀሉ ቬሏን እያስተካከለች የምትቆመው ለምን እንደሆነ ያወቅነው እሷ፣ ጽጌና እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። የዘርጋ እናት ዛሬም አልሰሙም።

አንባቢ ሆይ፣ ከኪዮቶ መጥረጊያ አመጣሁ፤ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል፣ አይሸጥም። ሌላ ያመጣሁት አንዲት ጥያቄ ናት። "ማን ቀረ?" የምትለው ድሮም ነበረችን፤ ግን ሰው የምንሰርዝባት ጥያቄ ነበረች። አሁን ለቅሶ ቤት ስገባ የመጣውን አይቼ ስጨርስ የቀረውን እፈልጋለሁ። የመጣው ደህና ነው፤ በእግሩ መጥቷል። መጠየቅ ያለበት ያልመጣው ነው። እናንተም የሰረዛችሁት ሰው ካለ፣ ዴንቨር ወንድም እንዳለው አንድ ጊዜ አገላብጡ።

በቅርቡ ኤቨረት ለቅሶ ነበር። ሟቿ ሁሉን የምታውቅ፣ ሁሉም የሚያውቃት ሴት ናት፤ አንድ ጎረቤቷ የነበረ ሰው ግን አልታየም። ጥግ ጥግ ላይ ስሙ መነሳት ጀመረ። "ምን ዓይነት ሰው ነው!" ሲባል ሰማሁ። ቀና ስል ሰይድ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሟል፤ ዘርጋም ጃኬቱን እየለበሰ ነው። እኔም ተነሳሁ። በአንድ መኪና ወደቀረው ሰው ሄድን።

ሰውየው የሚኖርበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዘርጋ የብረቱን መደገፊያ ይዞ ቆመ።

"አንድ ፎቶ ላንሳ መሰለኝ" አለ።

"አንሳ" አለ ሰይድና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ቀስ ብለህ አንሳ፤ እንጠብቅሃለን።"

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።